ከትኩሳቱ በኋላ

በሰፈሩ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ጋሼ ሸማኔ ነው የሚሏቸው። በእጃቸው ግን አንድም ቀን ሸምነው አያውቁም። ዕድሜያቸውን የፈጁት ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በሁለት ረድፍ በተደረደሩ ማሽኖች መሀል እየተመላለሱ የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ ነው። ማሽኖቹ ሲነሱ ሰው ጆሮ ስር ገብቶ ቢጮህ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሠራተኛው በሙሉ ድምፁን ሳያወጣ በከንፈሩ ነበር የሚያወራው። ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ የቆመች ሴት ከባሏ ጋር እንዴት እንደተጣላች በከንፈሯ ስትተርክ፣ ወዲህ ጫፍ ያሉት ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ጋሼ ሸማኔ ጡረታ ሲወጡ ፋብሪካው ጆሯቸውን አስቀርቶ፣ ዓይናቸውን ብቻ ሰጥቶ አሰናበታቸው። ሰው ፊቱን ካዞረላቸው የማይገባቸው ነገር የለም። ፊቱን ካዞረባቸው ግን ግድግዳ ነው።

የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ልጃቸው ጋር ነበር። ልጁ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እናትየው በሕይወት ሳለች በሁለቱ መሀል አስተርጓሚ ነበረች፤ ልጁ ከመኝታ ቤት የጮኸውን ይዛ መጥታ ባሏ ፊት ትደግመዋለች። እሷ ካለፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ ወሬ ተመናመነ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ ውሎ ይገባል፤ አባቱ ፊት ተቀምጦ አፉን በደንብ እየከፈተ የሚናገርበት አቅም አይተርፈውም።

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ደህና ዋልክ?»

«ደህና።»

ከዚያ ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ጋሼ ሸማኔ ማጅራቱን ያያሉ። ትከሻው ሲነቃነቅ እየሳቀ መሆኑን ያውቃሉ፤ በምን እንደሆነ ግን አያውቁም።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲያባራ የትንኝ ትኩሳት ገባ። ዓይን ያቀላል፣ ሽፍታ ያወጣል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ ጥቂት ቀን አስተኝቶ ይለቃል። መጀመሪያ ሰው ተርበተበተ። የሚገድል አለመሆኑ ሲታወቅ ግን መቀለጃ ሆነ። ያልያዘው ሰው «ትንኝ እንኳን ናቀችኝ» ይላል። የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የቆመ ውሃ አስደፉ፣ መድኃኒት ረጩ። ጋሼ ሸማኔም ታመሙ፣ ልጃቸውም ታመመ። ሁለቱም በአንድ ሰሞን ተኝተው በአንድ ሰሞን ተነሱ። ከጎናቸው ያለችው ጎረቤት፣ ምድር ቤቱ ላይ ሱቅ ያላት ሴት፣ ሾርባ አምጥታላቸው ነበርና ሳህኗን አጥበው መለሱላት። ከዚያም ወሬው ከሰው አፍ ጠፋ። ትኩሳቱ አለቀ ተባለ።

ሳምንት አለፍ ካለ በኋላ ልጁ እግሩን ይነዝረው ጀመር። ውስጥ እግሩ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለዋል። «ጫማዬ ነው» ብሎ ጫማ ቀየረ። በማግሥቱ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገባ። ጋሼ ሸማኔ ግድግዳውን ተደግፎ ሲመጣ አይተው ብድግ አሉ።

«ምን ሆነህ ነው?»

ልጁ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደሳቸው አዞረ። «ፍሬን ስረግጥ እግሬ የሌላ ሰው ሆነብኝ፣ አባዬ። አውቶቡሱን ዳር አስይዤ ለሌላ ሾፌር አስረከብኩ። ክሊኒክ ሄጄ ነበር፤ ድካም ነው ብለው ቫይታሚን ሰጡኝ።»

«ትኩሳቱ ያመጣው ድካም ይሆናላ።»

«ይሆናል።»

እራት ላይ ማንኪያው ከልጁ እጅ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሾርባውን ሳይጨርስ ተኛ።

ጠዋት ጋሼ ሸማኔ እንደ ልማዳቸው ተነሱ። ኩሽናውን ጠረጉ፣ ሻይ ጣዱ፣ በረንዳው ላይ ወጥተው መንገዱን አዩ። ልጁ አለመነሳቱን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ይረፍ ብለው ነው። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሻይ ቀድተው በሩን ገፋ አደረጉ። ልጁ በጀርባው ተኝቷል። ዓይኑ ፈጧል፣ ትራሱ በላብ ርሷል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል። የተናገረውን ለማንበብ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ያንኑ ቃል ደጋግሞ ነበር የሚለው። «አባዬ። አባዬ። አባዬ።»

እግሩ አይታዘዝም። እጁን ከፍራሹ ላይ ማንሳት አልቻለም። ሻዩ ተደፋ። ጋሼ ሸማኔ በባዶ እግራቸው ደረጃውን ወርደው የጎረቤቲቱን ሱቅ በር ደበደቡ።

አምቡላንስ እስኪመጣ ጎረቤቲቱ ራሷን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ሸማኔ ፊቷን አዩት። «ከማለዳ ጀምሮ ሲጮህ እሰማው ነበርኮ» አለች። «ከእርስዎ ጋር የሚያወራ መስሎኝ! እናንተ ቤት ሁልጊዜ በጩኸት ነው የሚወራው፤ ምን ብዬ ልጠርጥር?»

እውነቷን ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ልጁ ክንዱም ከድቶታል። ማምሻውን ትንፋሹ ማጠር ስለጀመረ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገብተው በአፉ ቱቦ ሰደው ከመተንፈሻ ማሽን ጋር አያያዙት።

ጋሼ ሸማኔ ያን ሕንፃ የገቡ ዕለት የደረሰባቸውን ለማንም በትክክል ማስረዳት አልቻሉም። ሁሉም ሰው ማስክ አድርጓል። ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሐኪሙ፣ ነርሶቹ፤ ከዓይን በታች ፊት ያለው ሰው የለም። ሰዎች እየመጡ ፊታቸው ይቆማሉ፤ ማስካቸው ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ እየተናገሩ ነው። ምን እንደሚሉ ግን የሚያውቅ አንድዬ ነው። «አልሰማም፤ አፍሽን ገልጠሽ ንገሪኝ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ምን ያህል እንደሚያስተጋባ ስለማያውቁ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። ነርሷ ጣቷን ወደ ማስኳ ታስጠጋለች። ዝም በሉ ማለቷ ነው። ያ ብቻ ይገባቸዋል። ልጃቸው ደግሞ አፉ በቱቦና በፕላስተር ተይዟል። ለረጅም ዓመታት ደንቆሮ ሆነው ኖረዋል፤ ብቻቸውን የቀሩት ግን ያን ቀን ነው።

አንዲት ሲስተር፣ ዓይኗ ስር የእንቅልፍ እጦት ያለባት፣ ነገሩ ገባት። ስልኳ ላይ በትልልቅ ፊደል እየጻፈች ታሳያቸው ጀመር። «ልጅዎ ሁሉንም ይሰማል። አእምሮው ደህና ነው።» ጋሼ ሸማኔ ይህን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ አልጋው አጠገብ ሄደው የልጁን ዓይን አዩ። ዓይኑ አያቸው። አንድ ጊዜ ጨፈን ሲያደርግ አዎ፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን አይ፤ ሲስተሯ ያስተማረችው ነው። «ያምሃል?» አሉት። አንድ ጊዜ ጨፈነ። «የት?» አሉት። ለዚህ ግን ዓይን መልስ የለውም። ጋሼ ሸማኔ ራሱ ነው፣ ደረቱ ነው፣ ወገቡ ነው እያሉ ቆጠሩ፤ ልጁ ደክሞት ዓይኑን ከድኖ ተወው።

ልጁን የምታክመው ሐኪም ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። ወጣት ናት፤ ሲስተሯ ነግራት ኖሮ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደችው። ጋሼ ሸማኔ ከንፈር ሲያዩ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«አባባ፣ ያ ትኩሳት ከልጅዎ ሰውነት ከወጣ ቆይቷል» አለች። «ሰውነቱ ራሱ ነው ያባረረው። ችግሩ፣ ቫይረሱን ያባረሩት ተከላካዮች ሥራቸውን ጨርሰው አላረፉም። የነርቩን ሽፋን ጠላት መሰላቸውና እሱን መላጥ ያዙ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲኩ ሲላጥ እንደሚሆነው ነው፤ ከአንጎል የሚላከው ትእዛዝ መንገድ ላይ ይቀራል።»

የበሽታውን ስም ነገረቻቸው፤ የሁለት ሐኪሞች ስም ነው አለች፣ ጊላን ባሬ። ስሙ ከከንፈሯ ላይ አልነበብ አላቸው። ደግማ ብትለውም ያው ነው። ተዉት።

«እኔም ታምሜ ነበርኮ፣ ያንኑ ትኩሳት» አሉ። «ሽማግሌው እኔ ነኝ። ለምን እሱን?»

«አናውቅም» አለች ሐኪሟ። «ከሺዎች አንዱን ነው የሚይዘው። ሺዎች በአንድ ጊዜ ሲታመሙ ግን ያ አንድ አንዱ ይጠራቀማል። በሌላ ጊዜ በዓመት አንድ ሁለት ሰው ነው የምናየው። ትኩሳቱ ጋብ ካለ ወዲህ ግን በተከታታይ እየመጡብን ነው። ውጭ ያለው ሰው አለቀ ብሎ ረስቶታል፤ እኛ ጋ ገና መጀመሩ ነው።» ከዚያ ትከሻቸውን ያዝ አደረገች። «ከብዙ ሰው ደም የተጣራ መድኃኒት እየሰጠነው ነው። አብዛኛው ሰው ይድናል፣ አባባ። ግን ቀስ ብሎ ነው። በጣም ቀስ ብሎ።»

ማስኳን መልሳ ሄደች። ጋሼ ሸማኔ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ከሺዎች አንዱ የሚለው ነገር ከሐሳባቸው አልወጣም። ሰፈር ገብተው ስለ ትኩሳቱ ሲያነሱ ጎረቤት ሁሉ ይቀልዳል፤ «እኔንኮ ሦስት ቀን ብቻ!» ይላሉ። ለማን ምን ብለው ይንገሩ? የሰው ሁሉ የሆነው በሽታ እሳቸው ቤት ሲገባ ሌላ ሆነ፤ አብሯቸው የሚያወራው ሰው ጠፋ።

ልጁ በማሽን መተንፈሱ ሲራዘም ሐኪሞቹ ቱቦውን ከአፉ አውጥተው ጉሮሮው ላይ በከፈቱት ቀዳዳ አስገቡት። በዚህ መንገድ የሚተነፍስ ሰው ድምፅ የለውም፤ አየሩ በድምፅ ሳጥኑ አያልፍምና። ጋሼ ሸማኔ ይህን አላወቁም። በማግሥቱ ሲገቡ ያዩት የልጃቸውን አፍ ነው። ፕላስተሩ የለም፣ ቱቦው የለም። የቀኝ ጉንጩ ወርዷል፤ የግራው ግን ይንቀሳቀሳል። ሲስተሯ አጠገቡ ጎንበስ ብላ ግራ ገብቷታል፤ ልጁ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ «ውሃ? ሙቀት?» ትላለች መሰል፣ ልጁ ሁለት ሁለት ጊዜ ይጨፍናል።

ጋሼ ሸማኔ ከአልጋው ግርጌ ቆመው በግማሽ አፍ የሚነገረውን አዩ።

«ተረከዜ» አሉ ጮክ ብለው። «ተረከዜ ነው የሚለው! ተረከዙ ስር የታጠፈ ነገር አለ።»

ሲስተሯ አንሶላውን ገለጠች። ተረከዙ ሥር የአንሶላው ጠርዝ ተጣጥፎ እንደ ገመድ ሆኖ ነበር። ቆዳው ቀልቷል። አስተካከለችለት። ልጁ ዓይኑን ከደነ፤ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። ስንት ቀን ያ እጥፋት ሲያቃጥለው እንደኖረ እሱ ነው የሚያውቀው።

ሲስተሯ ጋሼ ሸማኔን አፍጥጣ አየቻቸው። ማስኳን አውርዳ፣ «እንዴት አወቁ?» አለች።

«ተናገረ እኮ» አሉ እሳቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ያለሳቸው የሚሆን ነገር ጠፋ። ሐኪሞቹ ሲዞሩ «አባባ ይምጡ» ይባላል። ልጁ የሚለውን ከአፉ እየነጠቁ ይናገራሉ። አንዳንዴ ይሳሳታሉ። አንድ ቀን ልጁ ደጋግሞ «ብርድ» ሲል እሳቸው «ምርት» ብለው አነበቡት፤ ሁለቱ ቃላት በከንፈር አንድ ናቸው። «ምርት ይላል፤ የምን ምርት እንደሆነ እንጃ» ብለው ለሐኪሟ ሲነግሯት ልጁ በግራ ጉንጩ ሳቀ። «አባዬ፣ አሁንም ፋብሪካ ውስጥ ነህ?» አላቸው። ብርድ ልብስ ደረቡለት።

ሰው በሌለበት ሰዓት ደግሞ ሁለቱ ብቻቸውን ያወሩ ነበር። ልጁ ሌላ የሚዞርበት ቦታ የለውም፤ ፊቱ የግዱን ወደሳቸው ነው። ጋሼ ሸማኔ ከዚህ የተነሳ የሚሰማቸውን ደስታ አፍረውበታል። ልጄ ሽባ ሆኖ ተኝቶ እኔ እንዴት ደስ ይለኛል ይላሉ። ግን ደስ ይላቸዋል። ስለ እናቱ አወሩ። ስለ አውቶቡሱ ተሳፋሪዎች አወሩ። አንድ ቀን ጋሼ ሸማኔ ውስጣቸውን ሲበላቸው የከረመውን አወጡት።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ጠርተኸኝ ነበር?»

«አልጠራሁህም» አለ። «የነቃሁት አንተ ስትገባ ነው።»

ጎረቤቲቱ የነገረቻቸውን አልነገሩትም። «እንደሱ ከሆነ ጥሩ» አሉና የአንሶላውን ጠርዝ አለሰለሱ። ሌላ ቀን አላነሱትም።

አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ሴት ነበረች። እሷንም ያንኑ ትኩሳት ተከትሎ የመጣው ይኸው በሽታ ነው የጣላት። የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። ጠያቂ የላትም፤ የትምህርት ቤቱ ባልደረቦቿ አንዴ መጥተው ገና በአፏ ቱቦ ስለነበረባት ደንግጠው ተመለሱ። እሷም እንደ ልጁ ጉሮሮዋ ላይ ቱቦ ሲገባላት ከንፈሯ ነፃ ወጣ። ጋሼ ሸማኔ በመጋረጃው ክፍተት በኩል አንድ ከሰዓት በኋላ ሲያዩዋት አየቻቸው።

«አባባ» አለች። «እኔንም ያዩኛል?»

እንደሷ ጥርት ያለ ከንፈር በሕይወታቸው አላዩም። ዕድሜ ልኳን ለሕፃናት ፊደል ስታሳይ አፏን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ለምዳዋለች።

«አይሻለሁ፣ የኔ ልጅ። ምን ልታዘዝ?»

«ምንም። ዝም ብለው ያውሩኝ።»

ስለ ፋብሪካው አወሯት። አለቃቸው በአዳራሹ ሲያልፍ ሠራተኛው እንዴት በከንፈሩ እንደሚያማው፣ አንድ ቀን አለቃው ለካ ከንፈር ማንበብ ተምሮ ኖሮ ዞር ብሎ በከንፈሩ «ሁላችሁንም ሰምቻለሁ» እንዳላቸው። ድምፃቸውን ስለማይሰሙት ወሬው የዳር ዳሩን አልጋ ሁሉ አዳረሰ። ልጁ ከወዲህ፣ «አባዬ፣ ቀስ በል፤ ሕንፃው በሙሉ ሰማህ» ይላል። መምህርቷ ሳቀች፤ መሳቋን ያወቁት በዓይኗ ነው። ትንፋሿ ከማሽኑ ጋር ስለተጣላ የማሽኑ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፤ ሲስተሯም ሮጣ መጣች። «ምን አደረጓት?» አለች ማስኳን አውርዳ። «አሳቅኳት» አሉ ጋሼ ሸማኔ።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከሁለቱ አልጋዎች መሀል ወንበር ይዘው ይቀመጡ ጀመር። በግራና በቀኛቸው ሁለት ማሽኖች ይሠራሉ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከነሙሉ ሠራተኛውና ከነጠያቂው፣ ከንፈራቸው የሚታያቸው ሰዎች ድምፅ የሌላቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

አንድ ረፋድ ሲስተሯ ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየቻቸው። «መምህርቷን ይጠይቁልን። የምንደውልለት ዘመድ የላትም ወይ?»

ጋሼ ሸማኔ ወንበራቸውን አስጠጉ። «የኔ ልጅ፣ ዘመድ ካለሽ ይጥሩልሽ ይላሉ። ማን ይጠራ?»

መምህርቷ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ወደሳቸው መለሰች። «እህቴ…» አለች፤ ቆም አለችና አንድ ቃል ጨመረች። ጋሼ ሸማኔ «ቦታ» ብለው አነበቡት። እህቴ ቦታ። የት ቦታ? ሊጠይቋት አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይኗ ተንከራተተ። ፊቷን ላብ አጠመቀው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ሽቅብ ወጣ፣ ከዚያ ቁልቁል ወረደ። ይህ በሽታ እጅና እግርን ብቻ አይደለም የሚነካው፤ የልብን ምትና የደምን ግፊት የሚመራውንም ነርቭ ያውካል። ሲስተሮች፣ ሐኪሟ፣ ሌላም ሐኪም ሮጠው መጡ። አንዱ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ውጭ መራቸው። መጋረጃው ተጎተተ።

ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቆዩ። ሲስተሯ ስትወጣ ማስኳን ማውረድ አላስፈለጋትም።

«እህት አላት» አሉ ጋሼ ሸማኔ። «እህቴ ቦታ ብላኛለች። የሆነ ቦታ ያለች እህት…» ከዚያ አፋቸው ላይ ቃሉ ቀዘቀዘ። «ወይም እህቴ ሞታ። ቦታና ሞታ በከንፈር አይለዩም፣ የኔ ልጅ። አንድ ናቸው። የትኛውን እንዳለች አላውቅም።»

ሲስተሯ ዞር ብላ የኮሪደሩን መስኮት ፊት ለፊት ቆመች። ማስኳን ዝቅ አድርጋ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን እያየች ቃሎቹን ሞከረቻቸው። ቦታ። ሞታ። ቦታ። ሞታ። ከዚያ ማስኳን መልሳ ዓይኗን ጠራረገች።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር መጥቶ አስከሬኑን ሲረከብ ነገሩ ታወቀ። መምህርቷ ከታላቅ እህቷ ጋር ነበር የምትኖረው፤ እህትየው ባለፈው ዓመት ሞታለች። ሌላ ዘመድ የለም። ሞታ ነው ያለችው ማለት ነው። ግን «እህቴ ሞታ» ብሎ የሚያበቃ ንግግር የለም። እህቴ ሞታ፣ ከዚያስ? ብቻዬን ቀረሁ? ማንንም አትጥሩ? ወይስ ሌላ የምትለው ሰው ነበራት? ጋሼ ሸማኔ ብዙ ቀን ያችን ከንፈር በሐሳባቸው እየመለሱ አዩዋት። ሁልጊዜ እዚያው ላይ ትቆማለች።

ልጁ መምህርቷ ባረፈችበት ቀን መጋረጃው ተገልጦ አልጋው ባዶውን ሲያይ፣ «የት ወሰዷት?» አለ።

«ሌላ ክፍል» አሉ።

ልጁ ፊታቸውን ረጋ ብሎ አየ። በዚያ ሰሞን እሱም ሳያስበው የሰው ፊት ማንበብ ተምሯል።

ማገገሙ ሐኪሟ እንዳለችው በጣም ቀስ ብሎ መጣ። መጀመሪያ ትከሻው ተነቃነቀ። ከዚያ የእጁ ጣቶች። ማሽኑን በቀን ለጥቂት ጊዜ፣ ቀጥሎ ለግማሽ ቀን እያላቀቁ አለማመዱት። አንድ ቀን ቱቦው ላይ አየሩን በድምፅ ሳጥኑ በኩል የሚያሳልፍ ትንሽ ክዳን ገጠሙለትና ሲስተሯ በእጇ እንዲናገር ምልክት ሰጠችው። ልጁ አፉን ከፈተ። ጋሼ ሸማኔ «ደህና ዋላችሁ» ሲል ከከንፈሩ አነበቡ፤ እንደ ወትሮው ነው፣ ምንም የተለየ ነገር አላዩም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ግን ድንገት ማጨብጨብ ጀመሩ። ሲስተሯ ዘለለች። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን አስቀምጣ እልል ትላለች፤ ማስኳ ሲርገበገብ አዩት። ድምፁ ተመልሷል ማለት ነው። እሳቸውም አብረው አጨበጨቡ።

ከዚያ ወዲህ «አባባ ይምጡ» የሚል አልነበረም። ሐኪሟ ስትዞር ቀጥታ ልጁን ትጠይቃለች፤ እሱም ይመልሳል። እሷ በማስክ ውስጥ ስለምትናገር ጋሼ ሸማኔ የሚያዩት መልሱን ብቻ ነው። «አዎ።» «ትንሽ።» «ከትናንት ይሻላል።» ጥያቄው ምን እንደሆነ ይገምታሉ። የሥራ ባልደረቦቹ ስልክ ይደውሉለታል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አስደግፈውለት ራሱን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርጎ ያወራል። ጋሼ ሸማኔ ወንበራቸውን ወደ በሩ አስጠግተው ይቀመጣሉ። ደስ አላቸው። ሆድም ባሳቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ይሆናሉ ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

መራመድ እንዲማር ወደ ሌላ ከተማ ተሐድሶ ማዕከል ላኩት። እዚያ ወራት ቆየ። ጋሼ ሸማኔ ጎረቤቲቱ ባሳየቻቸው መሠረት በስልክ ምስል ያዩታል። ልጁ ይናገራል፣ ኔትወርኩ ይቆማል፣ አፉ ግማሽ ቃል ላይ ተከፍቶ ይቀራል። ምስሉ ሲለቅ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። «እሺ፣ እሺ» ይላሉ፤ ስልኩን ዘግተው ምን ነበር ያለው እያሉ ሻይ ይጥዳሉ። ለአንድ ሰው የሚሆን ሻይ መጣድ አልለመዱትም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል።

ልጁ በከዘራ እየተራመደ ተመለሰ። እግሩ ከቁርጭምጭሚት በታች ገና ደካማ ስለሆነ በብረት ይደገፋል። አውቶቡስ መንዳት አይሆንም፤ መሥሪያ ቤቱ ግን አልጣለውም፣ ስምሪት ክፍል አስገባው። ቀኑን ሙሉ በሬዲዮ ከሾፌሮች ጋር ይነጋገራል። ሦስት ፎቅ ግን መውጣት አልቻለም። ለሥራው የሚቀርብ ምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራየ።

«ና አብረን እንሁን» አላቸው። ክፍሏን አዩአት። ሁለት አልጋ አትችልም።

«እናትህ የኖረችበትን ቤት ለማን ልተው?» አሉ። ልጁ አልተከራከረም። ሳምንት በሳምንት እንዲመጡ ተስማሙ።

አንድ የዕረፍት ቀን ጋሼ ሸማኔ ዳቦና ብርቱካን ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ዝናቡ በቅርቡ ነው ያባራው። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ሲቆም ውጭ ሁለት ሴቶች ጃንጥላቸውን አጥፈው ቆመው ነበር። አንደኛዋ ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው።

«ያ ትኩሳት ተመልሷል አሉ» አለች። «እኔ ቤት ሁለቱም ልጆች ተኝተዋል።»

ሌላኛዋ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ የመለሰችው አይታይም።

«ኧረ ቀላል ነው» አለች የመጀመሪያዋ እየሳቀች። «አምና አልያዘሽም እንዴ? ሦስት ቀን ነው፤ ያልፋል።»

ጋሼ ሸማኔ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። መስኮቱን ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱ። ምን ሊሏት? እግሯን ከነዘራት ክሊኒክ ቫይታሚን ሲሰጧት እንዳትመለስ? ልጆቿ ማለዳ ሲጠሯት እንድትሰማ? መስታወቱ አልከፈት አላቸው፤ አውቶቡሱም ተነሳ። ሴትየዋ ያንን መስኮት የሚታገል ሽማግሌ አይታ በመገረም ፈገግ አለችላቸው። ከዚያ ከኋላ ቀረች።

ወርደው እስከ ልጃቸው ቤት በእግራቸው ሄዱ። በሩን አንኳኩ። ልጁ ከውስጥ «መጣሁ» ይበል አይበል አያውቁም፤ ቤት ይኑር አይኑርም አያውቁም። አንድ ጊዜ ደግመው ቢያንኳኩ ያጣድፉታል፤ ቸኩሎ ቢወድቅስ? ስለዚህ ዳቦውን ብብታቸው ሥር አድርገው መዳፋቸውን ክፍት አድርገው በሩ ላይ አሳረፉት። እንጨቱ ቀዝቃዛ ነው። ምንም የለም። ቆዩ። ከዚያ ወለሉን አንድ ነገር መታው፤ በእንጨቱ በኩል እጃቸው ላይ ደረሰ። ከዘራው ነው። ቀጥሎ ከባዱ እግር፣ ቀጥሎ ቀላሉ። ቆም አለ፤ ያረፈ ይሆናል። እንደገና ከዘራው።

ጋሼ ሸማኔ እጃቸውን ሳያነሱ ጠበቁት።

በሩ ሲከፈት ልጁ ላብ በላብ ሆኖ፣ ፀጉሩን ሳያበጥር ቆሟል። ስልኩ በአንድ እጁ ነው፤ ከሰው ጋር እያወራ ኖሯል። ስልኩን ወደ ታች አድርጎ ፊቱን ወደሳቸው አቀና።

«ትንሽ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ አፉን በደንብ እየከፈተ። «ጨርሼ እመጣለሁ፤ ግባና ተቀመጥ።»

ገብተው ተቀመጡ። ልጁ ወደ መስኮቱ ዞሮ ወሬውን ቀጠለ። ጋሼ ሸማኔ ብርቱካኑን እየላጡ ስለ ትኩሳቱ እንዴት አድርገው እንደሚነግሩት ያስቡ ጀመር።